ለአንድ እጅ ብቻ የምትታለብ ላም

ዛሬ ማለዳ ልጄ ከአልጋዋ ተነሥታ ቀኝ እጇን ስታራግፍ ሰማሁ። እዚህ አምቦ ፀጉር ትሠራለች። ጣቶቿ እርስ በርስ ሲማቱ የሚሰማው ድምፅ ወደ ልጅነቴ፣ እጃጂ ወዳለው የእናቴ በረት መለሰኝ።

በረቱ እበትና ትኩስ ወተት ይሸታል። እናቴ ላሟን ማለቧን አቋርጣ እጇን ታራግፋለች።

"ደነዘዘብኝ፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ" አለች።

የሌላ ሰው እጅ እንዴት እሷ ክንድ ላይ እንደሚሆን አልገባኝም።

"እኔ ላልባት?" አልኳት።

"ይቺ? ከእኔ እጅ በቀር ለማን ትሰጣለች!" ብላ ፈገግ አለችና ተመልሳ ጎንበስ አለች። አባቴ ይህንኑ ለጎረቤት በኩራት ያወራ ነበር። እናቴን ግን እጇን ያማት እንደሆነ የጠየቃት አልነበረም።

የልጄን እጅ ያየው ሐኪም፣ በእጅ አንጓዋ የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቋል፣ ካላረፈች ጣቶቿ ይዝላሉ ብሏታል።

"ታዲያ ለምን አታርፊም?" አልኳት።

"አባዬ፣ የቅዳሜዋ ሙሽራ ከአንቺ እጅ ሌላ አልፈልግም አለች እኮ!"

በሥራዋ እንድትኮራ አድርጌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስንፍናን ዛሬም አልወድም። ቢሆንም "ሌላ ሰው ይሥራት" አልኳት።

"አንተ ነህ እንዲህ የምትል?" ብላ ሳቀች። ማበጠሪያዎቿን በግራ እጇ ሰብስባ ወጣች።