ከኮት ኪስ የወጣው ሰው

በላውንደሪው የሚሠሩት ሁሉ «ተኳሿ» ነው የሚሏት። ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ጠመንጃ የምታነግት ይመስለዋል፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የተኮሰችው ሸሚዝ፣ ሱሪና አንሶላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ስትገፋ ኖራ የቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል። «ዛሬ ስንቱን ኮሌታ ጣልሽ?» ሲሏት «ሁሉም እጁን ሰጥቷል» ትላለች። ቀልዱ ቢያረጅም ማንም አልተወውም።

አላገባችም። ለወግ በደረሰችበት ዕድሜ እህቷ የአራት ዓመት ልጅ ጥላባት ሞተች። ያቺን ልጅ አጥባ፣ አጉርሳ፣ ትምህርት ቤት አመላልሳ ስታሳድግ የራሷ ነገር እንደዋዛ አለፈ። ልጅቷም አላሳፈረቻትም፤ ተምራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ያዘችና ሌላ ከተማ ተመደበች። ስትሄድ ጥሩ ስልክ ገዝታ ሰጠቻት፤ እንዴት እንደሚጻፍበትም አስተማረቻት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እንዳትረሳ ደጋግማ አስጠነቀቀቻት።

«እማዬ፣ የማታውቂው ሰው ከጻፈልሽ ቤትሽን እንዳትነግሪው። ገንዘብ ካነሳ ወዲያው ዝጊው። በቪዲዮ ፊቱን ካላሳየሽ ደግሞ ማንም ይሁን ማን አትመኚው። ላግኝሽ ካለ በቀን ይሁን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ብቻሽንም አትሂጂ።»

ተኳሿ ይህን እንደ መድኃኒት ትእዛዝ በቃሏ ያዘችው። ምሳ ሰዓት ላይ ለተረካቢዋም አንድ በአንድ አወራችላት። ተረካቢዋ ፊት ለፊት ባንኮኒ ላይ የምትቀመጥ፣ ልብስ የምትቀበል፣ ቁጥር የምትለጥፍ፣ ኪስ የምትፈትሽ ሴት ናት። ከኪስ የወጣ ቁልፍ፣ ደረሰኝ፣ መነጽር ሁሉ ባለቤቱ እስኪጠይቅ ድረስ በእሷ መሳቢያ ይቀመጣል። ባል አላት፤ ባሏ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አያወራም። ሁለቱ ሴቶች አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለውን ተኳሿ በእሷ ነበር የምታስበው።

ስልኩ ላይ ስለ ልብስ እድፍ የሚመካከሩ ሰዎች ስብስብ ነበር። ተኳሿ እዚያ ገብታ የቀለም እድፍ እንዴት እንደሚለቅ ለአንዲት ሴት መለሰች። በማግስቱ አንድ ሰው ለብቻዋ ጻፈላት። መንገድ ቀያሽ ነኝ፣ በረሃ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ምክርሽ ሸሚዜን አዳነልኝ አለ። ፎቶው ላይ እጅጌውን ጠቅልሎ መኪና ተደግፎ ቆሟል። ዐይኖቹ የሚስቁ ናቸው።

መጀመሪያ በአንድ ቃል ትመልስለት ነበር። ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በገጽ። ቤቷን አልጠየቃትም። ገንዘብ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። የሚጠይቃት ደክሟት እንደሆነ፣ ልጅቷ ደውላ እንደሆነ፣ ትከሻዋ እንዴት እንዳደረ ነበር። አንድ ቀን እንፋሎት ግራ እጇን አቃጠላት። ለማንም ሳትጽፍ፣ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ዛሬ ልቤ ስለ እጅሽ ፈራ» የሚል መልእክት መጣላት። አንጀቷ ራሰ። እንዲህ የሚያስብላት ሰው ኖሯት አያውቅም ነበር። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዳለ ብታውቅም፣ ይህኛው ውሃ ነው ብላ አልጠረጠረችም።

በቪዲዮ ፊትህን አሳየኝ ስትለው ያለበት ቦታ መስመሩ ደካማ እንደሆነ ነገራት። ድምፅህንስ ስትለው ጉሮሮውን ታሞ ሐኪም እንዳያወራ ከልክሎት ነበር። ልጅቷ ደውላ «አይተሽዋል?» ብላ ስትጠይቃት ተኳሿ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሳደገቻት ልጅ ዋሸች። «አይቼዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው» አለቻት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷ ጋለ፤ ግን እውነቱን ብትናገር ተዪው እንደምትባል ታውቃለች። ተዪው መባልን ነበር የፈራችው።

በስድስተኛው ወር ላግኝሽ አለ። የቀረውን ትእዛዝ ሁሉ ጠበቀች፤ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አደባባዩ ዳር ያለው ትልቁ ካፌ። ብቻሽን አትሂጂ ስለተባለች ተረካቢዋን ይዛ ሄደች። ቀሚሱን የመረጠችላት ተረካቢዋ ናት፤ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ያስተካከለችላትም እሷው። ጠባቂ መስላ ሁለት ጠረጴዛ ርቃ ተቀመጠች።

ተኳሿ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። አስተናጋጁ ሦስት ጊዜ መጥቶ ምን ልታዘዝ አላት፤ በአራተኛው መጠየቁን ተወ። በመሀል ተረካቢዋ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ የተኳሿ ስልክ ጮኸ። ጎርፍ ድልድይ ሰብሮበት መንገድ ላይ መቅረቱን ነበር የጻፈው። «ይቅር በይኝ፣ ቀሚስሽን ሳላየው ቀረሁ» ይላል። ተረካቢዋ ተመልሳ መጥታ እጇን ያዘቻት፣ ታክሲ ውስጥም አቅፋት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተረካቢዋ ጥርሷን አሟት ሐኪም ቤት ስለሄደች ባንኮኒውን ተኳሿ ያዘች። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ገባ።

«እህቴ፣ አምና ግራጫ ኮት አስጥቤ ነበር» አለ። «ኪሱ ውስጥ ፎቶ ረስቻለሁ። ታጥቦ አልቆ ይሆናል፣ ግን ሳልጠይቅ መቅረት ከበደኝ። የወንድሜ ነው።»

«ምን ዓይነት ፎቶ ነው?»

«መኪና ተደግፎ የቆመ። እጅጌውን ጠቅልሏል።»

መሳቢያውን ስትከፍት ከመነጽሮችና ከቁልፎች ሥር አገኘችው። መሀሉ ላይ የመታጠፍ ነጭ መስመር አለው። በስልኳ ያን መስመር ስታየው የመስታወቱ ጭረት ይመስላት ነበር።

«ወንድምዎ አሁን የት ናቸው?» አለች፤ ድምፅዋ ከሌላ ሰው የሚወጣ መሰላት።

«ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው» አለ ሰውዬው። ፎቶውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሲያይ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሾፌር እንደነበረ፣ ግልፍተኛ ግን ሆደ ባሻ እንደነበረ ነገራት። ደብዳቤ መጻፍ የሚባል ነገር አይወድም ነበር አለ። አመስግኗት፣ መርቋት ወጣ።

ተኳሿ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጇ የተቃጠለ ቀን ቅባት የቀባቻት ማን ነበረች? ቀሚሷን የመረጠው ማን ነው? መልእክቱ የመጣው ማን ከወንበሩ ሲነሳ ነው? ለመጠየቅ እንኳ የሚበቃ ጥርጣሬ አልቀረላትም።

ተረካቢዋ ጉንጯ አብጦ እኩለ ቀን ላይ ስትመለስ መሳቢያው ተከፍቶ አየች። የተኳሿን ዐይን ብቻ አይታ ሁሉም ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ለቀልድ ነበር የጀመርኩት» አለች። «ሁለት ቀን አስቄሽ ልነግርሽ። ከዚያ ስትተኩሺ ማንጎራጎር ጀመርሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«ካፌው ውስጥ ስታስቀምጪኝስ?»

ተረካቢዋ እያለቀሰች «እኔም የሚያወራኝ ሰው የለኝም» አለች። «ለእሱ የነገርሽውን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«አጠገቤ እኮ ነበርሽ» አለች ተኳሿ። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።»

ካውያዋን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ቀን የሃያ ስምንት ሰው ልብስ ተኩሳ ጨረሰች።

ለልጅቷ ለመንገር አራት ቀን ፈጀባት። ልጅቷ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች፣ የተኳሿን አካውንት ዘጋችው፣ የላውንደሪውን ባለቤት ካላነጋገርኩ ብላ ተነሳች። ተኳሿ አልፈቀደችላትም። ለተረካቢዋ አዝና አይደለም። ነገሩ ከታወቀ «ተኳሿ የሞተ ሰው ወደደች» እየተባለ እስክትሞት እንደሚሳቅባት ስለምታውቅ ነው። ልጅቷ ቁጣዋ ሲበርድ ሌላው ነገር ትዝ አላት።

«አይቼዋለሁ ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች በዝግታ። «ለእሱ ስትይ እኔን ዋሸሽኝ።»

ተኳሿ አንገቷን ደፋች። ከሁሉም ይህ ነበር የከበዳት።

አራት ወር እዚያው ሠራች፤ ከተረካቢዋ ጋር የምትነጋገረው የልብስ ቁጥር ብቻ ነበር። ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ እጇ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ሐዘን ላይ እንዳለች ሆድ ይብሳታል፤ ማን ሞተብሽ ብትባል ግን የምትጠራው ስም የላትም። ያ ሁሉ ደግ ቃል ደግሞ ከማን እንደወጣ ስታስበው ትርጉሙ ይጠፋባታል። እውነት ኖሮት ይሆን? መጠየቅም መርሳትም አልቻለችም።

በመጨረሻ ልጅቷ ወዳለችበት ከተማ ሄዳ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ መተኮስ ጀመረች። ልጅቷ ማታ ስትገባ የተኳሿን ስልክ ጠይቃ ታየዋለች፤ ተኳሿም ትሰጣታለች። አንድ ጊዜ ብቻ «እንግዳ ሰው ምን አደረገኝ ብለሽ ነው?» አለቻት።

አዲሶቹ የሥራ ባልደረቦቿ ክፉ አይደሉም። አንሶላ የምታጥፈው ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ «ነይ፣ አብረን እንብላ» አለቻት። ተኳሿ በልቻለሁ አለቻት። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠብቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ቆማ በላች። በማግስቱም እንደዚያው። ሴትዮዋ ለሁለት ሳምንት ያህል ደጋግማ ጠየቀቻት፣ ከዚያ ተወች።