ሳይበራ አይሸጥም

ዛሬ ሦስት ከተማ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለን። መጀመሪያ የነበረው ግን የአባቴ የሶዶው ሱቅ ብቻ ነው፤ ሕጉም አንድ ነበር፦ ሳይበራ አይሸጥም። አምፖልም ሆነ ስቶቭ ገዢው ፊት ተሰክቶ ይሞከራል። መሞከሪያዋ አባቴ በገዛ እጁ የሠራት፣ የአምፖል መያዣና ሶኬት ያላት፣ በእጅ ብዛት የጠቆረች የጣውላ ሰሌዳ ነበረች።

ቦዲቲ ከተማ ላይ ሁለተኛ ሱቅ እንክፈት ብዬ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። በመጨረሻ ሲሰለቸው፣ እስከ ጊፋታ ራሱን ካልቻለ ዘግተሽ ትመለሻለሽ አለኝ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ደግሞ ደጅ ላይ ነበር። እኔም እልኸኛ ነኝና እሺ አልኩ።

በገበያ ቀን ከፈትኩ። ሰው ግጥም ብሎ መጣ፤ መብራት ድርግም ብሎ ሄደ። ወይ ጣጣ! አንድ አዛውንት ገበሬ አምፖሉን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ።

"አንቺ የሶዶው ሰውዬ ልጅ አይደለሽ እንዴ? አባትሽ ሳያበራ አይሸጥም።"

ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወጡ። ለካ የአባቴ ሕግ ቀድሞኝ ቦዲቲ ገብቷል! ንድድ አለኝ።

ግድግዳ የሚጋራን ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተር ሲንደቀደቅ ሰማሁ። ባለቤቷን በሞቴ ብዬ ለመንኳት፤ እየሳቀች ፈቀደችልኝ። ገመድ በመስኮቷ አሳልፌ፣ ጠረጴዛ ደጅ አውጥቼ፣ የአባቴን አስመስዬ በሠራኋት አዲስ ሰሌዳ እያበራሁ መሸጥ ጀመርኩ። አዛውንቱም ተመልሰው ገዙ። ባለባጃጆች ሳይቀሩ ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ መብራት ኖረም አልኖረም ጠረጴዛዬን ከደጅ አላስገባሁም፤ በየገበያው ሰው ይከበኝ ጀመር።

የጊፋታ ሰሞን አባቴ ሳይነግረኝ መጣ። በጋቢው ስር የሆነ ነገር ይዟል። ሰላም ሳይለኝ ከገዢዎቹ ኋላ ተሰለፈ። ሊያስዘጋኝ ነው አልኩ በልቤ። ተራው ሲደርስ አምፖል ጠየቀኝ። ሰካሁት፤ በራ። ትንሽ አየውና ያቺን የጠቆረች ሰሌዳ ከጋቢው ስር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራት።

"ይቺ እዚህ ትሁን" አለኝ።

"አባዬ፣ ሶዶስ በምን ልትሞክር ነው?"

"ሁለት አዲስ እሠራለሁ" አለ። "አንዷ ሻንቶ ከተማ ለምንከፍተው ሱቅ ናት።"