ጠበል የጠጣችው ባቄላ

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የባቄላውን ነገር የተማርኩት ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ የሰው ቤት ወለል ስወለውል ነው። ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለ በኋላ ባለው ዓመት ነበር። የመዳሜ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ከበው ኮምጣጤና ሶዳ እየቀላቀሉ አረፋ ያስገነፍላሉ፤ የገነፈለውን እኔ እጠርጋለሁ። አንድ ቀን ሁለት ባቄላ እርጥብ ጥጥ ላይ አድርገው በብርጭቆ አስቀመጡ። እናታቸው «አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። ውኃም አታብዙ፣ ይሞታል» ስትላቸው ሰማሁ። ነገሩ ጣመኝና ለልጄ ይዤላት ሄድኩ።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረን ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ቡሪ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ከታመመው አባቷ ጋር ትውላለች። ጉበቱን ነበር የሚያመው። ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ ከስቶ፣ አልጋ ላይ ከዋለ ሰነባብቷል። ሐኪሙ ሆስፒታል ተኝቶ ይታከም ብሎናል። እሱ ግን በሰው በሰው ከአገር ቤት የመጣለትን ጠበል ይዞ «ጠበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም» ብሎ ድርቅ አለ። ስለ ሁሉም ነገር ሲያማክረኝ የኖረ ሰው፣ በዚህ ጊዜ ማንንም አልሰማ አለ!

ባቄላውን ለልጄ ያመጣሁላት ትንሽ እንድትጫወት ብዬ ነው። አንዱን ብርጭቆ ጥላ፣ አንዱን ብርሃን ላይ ታስቀምጣለች ብዬ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሁለቱም መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ይሄ የቧንቧ ውኃ፣ ይሄ የአባዬ ጠበል» አትለኝም!

«በስመ አብ! ጠበል ለባቄላ? ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ብዬ ጆሮዋን ያዝኩ።

«ተያት» አለ አባቷ ካልጋው ሆኖ። «ከድርሻዬ ነው የሰጠኋት። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ማታ ማታ ገና ከበሩ ስገባ «ምን አለች ባቄላዋ?» ይለኛል፣ እኔ ያላየሁትን። በአራተኛው ቀን የቧንቧዋ ተሰነጠቀችና ነጭ ሥር አወጣች። የጠበሏ ግን ምንም የለም። ልጄ ስለሳሳችላት ጠዋት ማታ ስትጨምርላት ጥጡ በውኃ ዋኝቷል፤ ባቄላዋ አብጣ መሽተት ጀምራለች። ሰጥማ ነው የሞተችው። መዳሜ ስትል የሰማሁት ነው፤ ይህንኑ መናገር ነበረብኝ። የባሌን ፊት ሳይ ግን ሾርባ ልሠራ ተነሣሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዋለ፤ ያበሰልኩለትን ሾርባ አልቀመሰም።

ዓርብ የእረፍት ቀኔ ነው። እሱን እንቅልፍ ወሰደው። ልጄን በረዶ ግዢ ብዬ ዱካን ላክኋትና የበቀለችውን ወደ ጠበሉ ብርጭቆ፣ የሞተችውን ወደ ቧንቧው አዛወርኩ። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ።

ልጄ በረዶው በፌስታል እየተንጠባጠበ ገባች። ብርጭቆዎቹን ብዙ አየቻቸው። ከዚያ የጠበሉን አንስታ አባቷ ፊት ያዘችለት። «አባዬ፣ በቀለች» አለችው።

ማንም ሳይደግፈው ተነሥቶ ተቀመጠ። ብርጭቆውን ተሳለመው፤ ስንት ወር የጠፋ ሳቁን ሳቀ። ሾርባውንም ጠጣ። አፉን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረና «አየሽ አይደል? ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ሆስፒታል የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ!» አለኝ።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እኔ እህል እንዲቀምስ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ባቄላዋ መሰከረችልኝ ሲል ምን ብዬ ልከራከረው? በገዛ እጄ አፌን ሰፋሁት። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አረፈ። ለጠበሉ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ሐሰተኛዋ እኔ ነኝ።

አርባው ከወጣ በኋላ መስኮቱን ሳጸዳ በሙቀት የደረቀችውን ተክል ከነብርጭቆዋ ልጥላት አነሣሁ። ልጄ ከፍራሿ ሥር አንዲት የተጠቀለለች ብጣሽ ወረቀት አውጥታ ፈታችልኝ። ውስጧ የሞተችው ባቄላ አለች፤ ጠቁራ፣ ተጨማዳ። ጎኗ ላይ ትንሽ መስቀል ተጭሯል።

«የጠበሏ ይህቺ ናት» አለችኝ። «እንዳይቀላቀሉብኝ ገና ሳልዘራት በመርፌ ምልክት አድርጌባት ነበር።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አባዬ ስቆ ነበር እኮ።»

የእኔም መልስ ይኸው ነው። ግን እኔ ስምንት ዓመቴ አልነበረም።