ሁለተኛው ምራቂ

ያቺን ቅዳሜ ባስታወስሁ ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፤ ቀጥሎ አመሰግናለሁ።

የአምስት ዓመት ልጄን ማርታን ይዤ የሽሮ አተር ልገዛ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ። አንዲት የገጠር እናት በጣሳ እየሰፈሩ ሲያፈሱልኝ፣ ማርታ ዘንቢሉን በሁለት እጇ ከፍታ ያዘች። ሰፍረው ሲጨርሱ እንደ ወጉ አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመሩልኝ።

ወዲያው ሌላ ገዥ መጥታ ታናግራቸው ጀመር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ እኔ ዘወር ሲሉ «እማማ፣ ምራቂውሳ?» አልኋቸው።

ትንሽ አዩኝና ምንም ሳይሉ እንደገና እፍኛቸውን ሞሉ። ይሄኔ ማርታ ዘንቢሉን ዘጋችው።

«እማዬ፣ ሰጥተውሻል እኮ። እኔ አይቻለሁ።»

«ረስቼው ነው» አልኋት።

«አሁን እኮ ነው የሰጡሽ» አለች፤ ልታስታውሰኝ እንጂ ልትከሰኝ አልነበረም። አጠገባችን ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት «ይችን ልጅ ገበያ አታምጫት፣ ታከስርሻለች» ብላ ሳቀች። እኔ ግን ቀና ማለት አቃተኝ። ውሸት ነውር ነው እያልሁ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

«ይቅር በሉኝ እማማ። አልረሳሁትም፤ ዋሽቼ ነው» አልኋቸው፣ ማርታ እየሰማች።

እሳቸው አተሩን ወደ ጆንያው መለሱና የልጄን ራስ ዳበስ አደረጉ።

«እኔም አልረሳሁትም ነበር። በልጅሽ ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»