ሆላንዳዊው ያፕና የታደለ ጨዋነት

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ቁርስ ልበላ ገና በሩን ሳልፍ፣ አንድ ጎረምሳ ፍርፍሩን ከነሳህኑ አንስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ባዶ ወንበር ሞልቷል እኮ። «ተቀመጥ ልጄ» ብለውም አሻፈረኝ አለ። ተቀመጥኩለት፤ ግን በገንኩ። እንዲህ ዓይነቱን ጨዋነት ባየሁ ቁጥር ያፕ ትዝ ይለኛል፣ ደሜም ይፈላል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ውስጥ ነው፤ ያኔ እዚህ መንገድ ላይ እንጀራ የሚሸጥ ሰው አልነበረም። እኔና ታደለ ተማሪዎች ነበርን። ፒኮ መንገድ አጠገብ አንዲት ክፍል ተጋርተን እየኖርን፣ ከትምህርት መልስ ጁዶ የሚባለውን የጃፓኖች ትግል እንማር ነበር። አስተማሪያችን ያፕ ሆላንዳዊ ነው። በአገሩ ሻምፒዮን ሆኖ፣ የጉልበቱ ሎሚ ተጎድቶ ወደ ማሠልጠን የዞረ ሰው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ከምንጣፉ ዳር ቆሞ አይብ በዳቦ እየገመጠ «ጣለው፣ ምን ትለማመጠዋለህ» ይለናል።

በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ፊልም ላይ ያየውን ካራቴ ነበር። የምንማርበት አዳራሽ ባለቤት ለያፕ ቁርጡን ነገረው፦ ሎንግ ቢች በሚደረገው ውድድር ከተማሪዎቹ አንዱ ዋንጫ ካላመጣ አዳራሹ ለካራቴ አስተማሪ ይሰጣል። የያፕ እንጀራ በታደለ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኔማ በዚያ ነገር የምረባ አልነበርኩም።

የሄድነው በያፕ አሮጌ መኪና ነው። የሰኔ ጭጋግ ፍሪዌዩን አልብሶታል፤ ወደቡ ሲቀርብ የነዳጅ ማጣሪያው ሽታ በመስኮት ይገባል። ስንደርስ ያፕ ብርቱካን ልጦ ሰጠን፤ ለእኔ አንድ፣ ለታደለ ሁለት። 

ታደለ የመጀመሪያዎቹን ተጋጣሚዎች እንደ ጆንያ አነጠፋቸው። ለዋንጫው የቀረበው ግን ፀጉሩ የሸበተ፣ ሃምሳ ያለፈው ሰው ሆነ። ሰውዬው እንደ ደንቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ታደለ ከእሱ ብሶ ግንባሩ ጉልበቱን ሊነካ ደረሰ። ልቤ ያኔውኑ ፈራ።

በጁዶ አንዴ በጀርባው በደንብ የተዘረጋ ሰው አለቀለት። ታደለ ሰውዬውን ወገቡ ላይ አወጣው፤ የቀረው መጣል ብቻ ነበር። ያፕ ከወንበሩ ብድግ አለ። ታደለ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰውዬውን እንደ ሸክላ ዕቃ ቀስ አድርጎ በእግሩ አቆመው፤ ቀበቶውንም አስተካከለለት። ሽማግሌው የእኛ አገር ሰው አይደለ፣ ወዲያው እግሩን ጠልፎ በጀርባው ዘረረው።

«ለምን አቆምከው?» አለ ያፕ፤ ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ታደለ ወደ እኔ ዞረ። «ትልቅ ሰው እኮ ናቸው። የአባቴን እኩያ እንዴት አድርጌ ልዘርራቸው? ፕሊስ አንተ ንገረው።»

በእንግሊዝኛ «አንቱ» የሚባል ነገር የለም፤ እንደምንም አስረዳሁት።

«እኔ ሻምፒዮን የሆንኩት የገዛ አስተማሪዬን ጥዬ ነው» አለ ያፕ። «ከወደቀበት ተነስቶ አቀፈኝ። ሆን ብዬ ብለቀው ኖሮ ነበር የሚቀየመኝ።»

በሳምንቱ አዳራሹ ለካራቴው ሰው ተሰጠ። ያፕ በዚያ ጉልበቱ ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያወርዳል ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አላውቅም። አዘንኩለት፣ ዛሬም አዝናለሁ።

ቅዳሜ ንዴቱ አልወጣልህ ቢለኝ ቫን ናይስ ለሚኖረው ታደለ ደወልኩ።

«ዛሬ ቢሆን ትጥላቸዋለህ?» አልኩት።

«አልጥልም።» ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም። «ሽማግሌ ናቸው።»

«አሁን እኮ አንተ ሰውዬው ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ በሃያ ዓመት ትበልጣለህ።»

«ሶ፣ ታዲያ ምን ይሁን? ያኔ ትልቅ ነበሩ።»

«ያፕስ?»

«ያፕማ ልጅ ነበር» አለኝ። «ልጅ ምን ይሆናል?»

ስልኩን ዘጋሁበት። ለሽማግሌ መጎንበስን ከእናታችን ጡት ጋር ጠጥተነዋል። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱ የታመመ፣ ኑሮውን በእኛ ላይ የጣለ ሰውም ክብር እንደሚገባው ግን የነገረን የለም።