የባዩ ዋስ

ባዩ የጉና ሰው ነው። ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ሊያስተምር ወርዶ አገባና፣ ከሚስቱ ከዓይናለም ጋር አማቱ ጓሮ ካለችው አንዲት ክፍል ገባ። ሚስቱ ቤት የገባ ወንድ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ማን ያጣዋል? ባዩም አምስት ዓመት ሙሉ ሲባል ሰምቷል። አማቱ አያ ሙላቴ ክፉ አይደሉም፤ የሚያስቸግረው ደግነታቸው ነው። ባዩ ካልቀረበ ማዕድ አይባረክም፤ ባዩ ካልገባ በር አይዘጋም።

በዚያች ክፍል ሆኖ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው የሚያወጣ ድረ ገጽ ሠራ። ጥያቄዎቹ የሚቀመጡበትን ሆስቲንግ በራሱ ስም ተከራየ። ዶሜይኑን፣ ማለትም ተማሪው ጽፎ የሚገባበትን ስም፣ ሲያስመዘግብ ግን ቅጹ «ባለቤት» ብሎ የቤት ቁጥርና ስልክ ጠየቀው። ባዩ የቤት ቁጥር የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ዋስ አምጣ ያላለው መሥሪያ ቤት ስለሌለ፣ ይህም ያው ነው ብሎ «ባለቤት» በሚለው ቦታ የአማቱን ስምና ስልክ ሞላ። አያ ሙላቴ «ዋስ ይሁኑኝ» ሲላቸው ደስ ብሏቸው መረቁት።

ገጹ ታወቀ። ባሕር ዳር ያለ አንድ አስጠኚ ድርጅት፣ ዶሜይኑን ይዞ ከመጣ ሥራም ቤትም እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ዓይናለም ዕቃ መጠቅለል ጀመረች። ባዩ ዶሜይኑን ወደ ራሱ ስም ሊያዛውር ሲሞክር ማረጋገጫው ቅጹ ላይ ወደተሞላው ስልክ ተላከ፤ ስልኩም ያለው አያ ሙላቴ ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

«አያ፣ ስልክዎ ላይ ቁጥር መጥቷል፤ ቢያሳዩኝ?»

«ለምኑ?»

መዋሸት አልሆነለትም፤ ነገራቸው።

«ልጄንም ይዘህ? ስማ ባዩ፤ ዋስ ያለበት ሰው አገር ጥሎ ይሄዳል እንዴ?» አሉ። ስልኩን አላወጡም።

ባዩ ተናደደ፤ ግን አማት ላይ አይጮኽም። ሌላ ስም ልክፈት ቢል ተማሪው የሚያውቀው ያንኑ ነው። አንድ መውጫ ብቻ ቀረው። የዶሜይኑ የዓመት ክፍያ ሊያበቃ ነው፤ ካልታደሰ ገጹ ይዘጋል፤ ስሙም ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነጻ ይወጣል፤ ያኔ በራሱ ስም ይይዘዋል። ይህን ለዓይናለም ብቻ ነግሮ ሳይከፍል ዝም አለ። ገጹ ሲዘጋ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ቀሎት አያውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት አያ ሙላቴ ወይፈናቸውን ወደ ገበያ ነድተው ማልደው ወጡ። በማግሥቱ ከባሕር ዳር ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቷል። ከጋቢያቸው ሥር ደረሰኝ አወጡ።

«ተማሪው ሁሉ ተዘጋብን እያለ ሲያዝን ሰማሁ። እጅ አጥሮህ ኖሯል፤ ለእኔ መንገር አፍረህ! ሰው ሲያቅተው ዋሱ ይከፍላል፤ ወጉ ይኸው ነው። ስሙ የተመዘገበበት ቢሮ ሄጄ መታወቂያዬን አሳየሁና አድሱልኝ አልኳቸው። እስከ አሥር ዓመት ይቻላል አሉኝ። የአሥሩን ከፈልኩልህ!»

ዓይናለም በሩ ላይ ቆማ ባሏን አየችው። ባዩ ደረሰኙን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ከዚህ ግቢ አይንቀልህ» ብለው መረቁት።

«አሜን» አለ ባዩ።