የባጃጅ ጨዋታዬና ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ

ባጃጅ ሶዶን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ዘመን እዚያው ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ሰው ባጃጅን፣ ሚኒባስን ወይም እግሩን በምን ምክንያት እንደሚመርጥ ለማጥናት ብዬ ካርቶን ላይ ጨዋታ ሠራሁ። መንገዶቹን አሰመርኩ፤ ተጫዋቹን የምትወክል ጠጠር አስቀመጥኩ፤ ዝናብ፣ ጭቃና የገበያ ቀን የሚያመጡ ካርዶችና መልሶቹን የምሞላበት ቅጽ ጻፍኩ። በወላይታ ከእኔ የተራቀቀ ተመራማሪ ያለም አልመሰለኝ።

መጀመሪያ የተጫወቱልኝ ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ነበሩ። አንድ ካርድ አነሣሁና፣ "እናቴ፣ ወደ ገበያ ሊሄዱ ሲሉ ዝናብ ጀመረ። በምን ይሄዳሉ?" አልኳቸው።

"ከማን ጋር ነኝ?"

"ብቻዎን ነዎት።"

"ብቻዬን? ምነው፣ ሰው ጠላኝ እንዴ?"

ጨዋታው ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ በትዕግሥት አስረዳኋቸው። እሳቸው ከእኔ በበለጠ ትዕግሥት ሰሙኝና፣ ተነሥተው ባልንጀራቸውን በአጥር በኩል ተጣሩ። ሁለቱም አንዲቷን ጠጠር ይዘው፣ በወላይትኛ እየተሳሳቁ፣ ካርቶኑ ላይ በእግር ገበያ ደረሱ።

"በዚህ ዝናብ ለምን ባጃጅ አልያዛችሁም?" አልኩ።

"ባጃጅ ቶሎ ያደርሳል" አሉኝ ጎረቤቴ፤ "ወሬው ሳያልቅ።"

ይህን መልስ የምሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። አፈር ብዬ በማግስቱ "ከማን ጋር?" የሚል ጥያቄ ጨመርኩና አዲሱን ቅጽ ወስጄ አነበብኩላቸው።

"አሁን ገና ጨዋታ ሆነ" አሉ። "ቅቤዬንስ ማን ነው የሚሸከመው?"

እሱንም ረስቼው ነበር።